ሄሊኮፕተሩ ሲገለበጥ እጅ ለምን ይጠፋበታል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ላፕቶፕ ላይ በሲሙሌተር የሪሞት ሄሊኮፕተር ማብረር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ጭራውን ወደኔ አድርጌ አየር ላይ አቆመዋለሁ፣ ስምንት ቁጥርም እሠራለሁ። ፍሊፕና ሮል (በአፍንጫው በኩልና በጎኑ ማገላበጥ) ስሞክር ግን ከአሥሩ ስምንቱ ይከሰከሳል። ተገልብጦ ከቆመማ እጄ ጭራሽ ይጠፋብኛል። ጓደኞቼ ‹ይሄ ጌም ነው፣ እውነተኛውን ካልያዝክ አትለምድም› ይሉኛል። 450 የሚባለውን መጠን ሄሊኮፕተር ለመግዛት ብር እያጠራቀምኩ ነው። ልግዛ ወይስ ልቆይ?»

ወንድሜ፣ ብሩን ማጠራቀም አትተው፤ ግን ቆይ። ጓደኞችህ የያዙት ግማሽ እውነት ነው። ሲሙሌተሩን ጌም የሚያደርገው አንድ ቁልፍ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ ሲከሰከስ ስትጫነው አዲስ አድርጎ መሬት ላይ የሚያስቀምጥልህ የሪሴት ቁልፍ። አራት ወር ሙሉ ከፍሊፕ የበለጠ የተለማመድከው እሱን ይመስለኛል። ከአሥሩ ስምንቱ ይከሰከሳል ብለሃል፤ ስምንት ጊዜ ተጫንከው ማለት ነው። ጣትህ ለምዶታል።

ይህን የምልህ በራሴ ደርሶ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ሰብሉ በተነሳለት የበቆሎ ማሳ ላይ የመጀመሪያውን ሄሊኮፕተሬን ገለበጥኩት። ሁለቴ ተሳካ። በሦስተኛው ተገልብጦ ቀረና አፍንጫው የቱ ጋ፣ ጭራው የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ። ያን ጊዜ የግራ አውራ ጣቴ ስቲኩን ለቆ ወደ ታች ወረደ። ኋላ ሳስበው ነው የገባኝ፤ ኪቦርድ ፍለጋ ነበር የሄደው። ማሳ ላይ ኪቦርድ የለም። ሄሊኮፕተሩ በአፍንጫው ተተከለ፤ ሞተሩን የሚያቆመውን ማጥፊያ ስላልነካሁት የተሰባበረው ሮተር አፈር ውስጥ ተቀርቅሮ ሲታገል የሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ተቃጠለ። መለዋወጫው ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ እስኪደርሰኝ አምስት ወር ቁጭ አልኩ። ማጥፊያው ከጣቴ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይርቅም ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሲሙሌተሩን ስትከፍት ከምንም በፊት አንድ ሕግ አውጣ። ሄሊኮፕተሩ ከእጅህ እንደወጣ ስታውቅ፣ መሬት ሳይነካ፣ ትሮትል ሆልድ የሚባለውን ማጥፊያ ጣለው። ከተከሰከሰም በኋላ ቶሎ ሪሴት አታድርግ። እጅህን አንስተህ፣ ከመውደቁ በፊት የነበረችውን ሰከንድ በዓይነ ሕሊናህ መልሰህ እያት፤ አፍንጫው ወዴት ነበር? የትኛውን ስቲክ ወዴት ገፋሁ? የትኛውን መግፋት ነበረብኝ? መልሱን ካላገኘህ ሪሴት የለም። መጀመሪያ ይሰለችሃል። በሳምንት ውስጥ ግን የመከስከሱ ቁጥር ራሱ ይቀንሳል፤ መከስከስ ዋጋ ሲኖረው እጅ ይጠነቀቃላ።

አሁን እጅህ ወደሚጠፋበት ቦታ እንሂድ። ሄሊኮፕተሩ ሲገለበጥ ሁሉም ስቲክ የሚገለበጥ ይመስልሃል። ቢሆንማ ኖሮ ቀላል ነበር፤ ሁሉንም በተቃራኒው ማድረግ ነው። ችግሩ ግማሹ ይገለበጣል፣ ግማሹ አይገለበጥም፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ደግሞ አገላበጥህ ነው።

ጭራው ወደ አንተ ሆኖ ቆሟል እንበል። ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ዝቅና ከፍ የሚያደርገውን ስቲክ) ይዘህ ግማሽ ፍሊፕ አዙረውና በጀርባው አቁመው። አሁን አፍንጫው ወደ አንተ መጥቷል። እንዲህ ተንጠልጥሎ ሳለ ኤሌቬተሩን ወደፊት ብትገፋ ወዴት ይሄዳል? ከአንተ ይርቃል፤ ሳይገለበጥ በፊት ያደርግ የነበረውን። የተለወጠው አይለሮኑ፣ ማለትም ወደ ጎን የሚያጋድለው ነው፤ ወደ ቀኝ ስትለው ወደ ግራ ይሄዳል። ከዚያው መነሻ በፍሊፕ ፋንታ ግማሽ ሮል ብታዞረው ደግሞ ጭራው ወደ አንተ እንደሆነ ይቀራል። አሁን ያልተለወጠው አይለሮኑ ነው፣ ኤሌቬተሩ ግን ከድቶሃል፤ ስትገፋው ወደ አንተ ይመጣል። የጋሪ ጎማ የቱንም ያህል ቢዞር አክሰሉ ያው አክሰል ነው። በየትኛው ስቲክ ካዞርከው የዚያ ስቲክ ሥራ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ሌላኛው ነው። ኮሌክቲቩ፣ ማለትም የሮተሩን ፒች (የክንፎቹን የማዘንበል ማዕዘን) የሚሰጠው ስቲክ፣ በሁለቱም ይገለበጣል፤ ወደ ታች ስትጎትተው ሄሊኮፕተሩ ከፍ ይላል። ጭራውን ግራና ቀኝ የሚያዞረውን ራደር ለጊዜው ተወው፤ የዛሬ ሄሊኮፕተሮች ጭራውን ጋይሮ በሚባል ዳሳሽ ስለሚይዙት ካልነካኸው ባለበት ይቆያል።

ይህን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ አንጎል የሚያውቀውን አውራ ጣት ላያውቀው ይችላል። ያለህ ሲሙሌተር ምስሉን ባለበት የሚያቆም ቁልፍ ካለው ተጠቀምበት። ገልብጠው፣ አቁመው፣ ከዚያ ጮክ ብለህ ተናገር፤ «አሁን ወደ ቀኝ ለመውሰድ አይለሮን ወደ ግራ»። ከዚያ ልቀቀውና ያልከውን አድርግ። ቤተሰብ ሊስቅብህ ይችላል፤ የኔዎቹ ስቀዋል። ተገልብጦ ማቆምን በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትልመድ። አፍንጫው ወደ አንተ፣ ከአንተ ርቆ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም በመሐል ያሉት አራቱ ማዕዘኖች፤ ስምንት ይሆናሉ። ስምንቱንም ቀጥ ብሎ ሳለ የማታውቃቸው ከሆነ ግን ወደ ግልበጣው ለመሄድ ጭራሽ ቸኩለሃል። ጭራውን ወደኔ አድርጌ አቆመዋለሁ ነው ያልከኝ፤ አፍንጫው ወደ አንተ ሲሆንስ? እሱን አልነገርከኝም። እንደኔ ግምት ትሸሸዋለህ።

አሁን ዋናው፣ ፍሊፑ ራሱ። ብዙ ሰው ፍሊፕ ማለት ኤሌቬተር መግፋት ይመስለዋል። ኤሌቬተር መግፋትማ ሕፃንም ይገፋል። ሥራው ያለው ግራ እጅህ ላይ ነው (ሞድ 2፣ ማለትም ኮሌክቲቩ በግራ ስቲክ የሆነበትን ራዲዮ፣ ይዘሃል ብዬ ነው፤ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚይዘው)። ሄሊኮፕተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ የሚያነሳው ፖዘቲቭ ፒች ነው፣ ወደ ሮተሩ አናት የሚገፋው፤ በጀርባው ሲሆን የሚያነሳው ተቃራኒው፣ ኔጋቲቭ ነው። በመሐል ሮተሩ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት ቀጥ ብሎ የሚቆምባቸው ሁለት ቅጽበቶች አሉ፤ አንዱ ሲሄድ፣ አንዱ ሲመለስ። በእነዚህ ቅጽበቶች ፒቹ ዜሮ መሆን አለበት። ካልሆነ ሮተሩ ወደ ላይ ማንሳቱን ትቶ ወደ ጎን ይጎትታል።

እዚህ ላይ ማንም ያልነገረኝን፣ ብዙ ካቃጠልኩ በኋላ ራሴ ያገኘሁትን ልንገርህ። ፍሊፑ ካለቀ በኋላ ሄሊኮፕተሩ ከመነሻው ወዴት እንደተንሸራተተ ተመልከት። ወደተገለበጠበት አቅጣጫ ከሄደ ግራ እጅህ ዘግይቷል ማለት ነው። በተቃራኒው ከሄደ ቀድሟል። ለምን መሰለህ? ወደፊት እያዞርከው ነው እንበል። የመጀመሪያው ሩብ ዙር ላይ የሮተሩ አናት ወደፊት ያያል፤ ፖዘቲቩን ገና ካልለቀቅከው ወደፊት ይጎትተዋል። ሦስተኛው ሩብ ላይ አናቱ ወደ ኋላ ያያል፤ አሁን ደግሞ ኔጋቲቩን ገና ካልለቀቅከው፣ ኔጋቲቭ ወደ አናቱ ተቃራኒ ስለሚገፋ፣ እንደገና ወደፊት ይወስደዋል። ሁለቱም መዘግየት ወደ አንድ ጎን ይደመራሉ። ሮል ላይም ያው ነው፤ ወደ ቀኝ ሮል ስታደርግ ወደ ቀኝ እየሸሸ ከሄደ እጅህ ከሄሊኮፕተሩ ኋላ ቀርቷል።

ጀማሪ ሁሉ ይዘገያል። ከዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል፤ ጭራው ወደ አንተ ሆኖ ኤሌቬተሩን ወደ ራስህ ስበህ የምትገለብጠው ከሆነ እያንዳንዱ መዘግየት ሄሊኮፕተሩን ወደ አንተ ያመጣዋል። ሲሙሌተር ላይ ይህ አይታይህም፤ ስክሪን አይመታህም። 450 የሚባለው ሄሊኮፕተር የሮተሩ አንድ ክንፍ 325 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 2,500 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፣ ሲሙሌተር ላይም ቢሆን፣ ኤሌቬተሩን ወደፊት እየገፋህ ገልብጥ። ስትሳሳት ይርቅሃል። በጎኑ አቁመህ ብትሠራውም ጥሩ ነው፤ መንሸራተቱ ግራና ቀኝ ስለሚሆን ቁልጭ ብሎ ይታይሃል።

ከፍታን በተመለከተ ጥቂት ሒሳብ። ፍሊፑ አንድ ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በዚያች ሰከንድ ፒቹ ዜሮ ሆኖ ቢቆይ ሄሊኮፕተሩ እንደ ማንኛውም ድንጋይ 5 ሜትር ገደማ ይወድቃል። ከመጀመርህ በፊት ግን በሰከንድ 5 ሜትር ወደ ላይ እየወጣ ከነበረ፣ ወጥቶ ሲመለስ ሰከንዱ ሲያልቅ መነሻው ከፍታ ላይ ታገኘዋለህ። ሐይቃችን ዳር ልጆች ተገልብጠው ሲዘሉ አይተህ የለ? ማንም አየር ላይ አይገለበጥም መጀመሪያ ወደ ላይ ሳይስፈነጠር። የመጀመሪያዎቹን ፍሊፖችህን እንደዚያ ሥራቸው፤ 20 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ትንሽ ፖዘቲቭ ሰጥተህ ወደ ላይ አስፈንጥረው፣ ፒቹን ዜሮ አድርግ፣ ፈጥነህ አዙረው፣ ሲቀና ፖዘቲቭ ስጠው። ኔጋቲቭ የለም። ይህ ሲለምድልህ በጀርባው የሚሆንበት ቅጽበት ላይ ትንሽ ኔጋቲቭ ጨምር። ቀጥሎ ፍሊፑን አዝግመው፤ አንድ ሰከንድ የነበረው ሁለት ይሁን። ዝግ ያለ ፍሊፕ ከፈጣኑ ይከብዳል፤ ስህተትን የሚደብቅ ፍጥነት የለማ። ሁለት ሰከንድ የፈጀ፣ ከአንድ መኪና ስፋት ያልወጣ ፍሊፕ ስትሠራ ፍሊፕ ችለሃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ገና አልደረስክበትም። ሉፕና (አየር ላይ ትልቅ የቁም ክብ መሥራት) ስቶል ተርን (ቀጥ ብሎ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ዞሮ መውረድ) «የሽማግሌ ትርኢት» ናቸው ብለህ አትዝለላቸው። የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ3ሲ የሚባለው ውድድር የቆመው በእነዚህ ዓይነት ንጹሕ እንቅስቃሴዎች ላይ ነው፤ ነጻውና ፈጣኑ የግልበጣ በረራ፣ 3ዲ የሚባለው፣ ደግሞ ኤፍ3ኤን ተብሎ ለብቻው ይዳኛል። ፒሮፍሊፕ፣ ማለትም ሄሊኮፕተሩ በራሱ ዙሪያ እየተሽከረከረ የሚገለበጥበት፣ ስሙ ከአሜሪካዊው ከርቲስ ያንግብለድ ጋር አብሮ የሚነሳ ነው። እሱን የምታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። እስከዚያው አንድ ፍንጭ ያዝ፤ ራደሩ ወደ ቀኝ ከሆነ የቀኝ ስቲክህ የሚያማስለው ወደ ግራ ነው፣ አንድ ዙር ለአንድ ዙር።

ወደ ሲሙሌተሩ ቅንብር ስንመጣ ስሙ ብዙ አያሳስበኝም። ሪልፍላይትም ይሁን ኔክስት፣ አኩአርሲም ይሁን ሄሊ-ኤክስ፣ ፍሊፕ ያስተምራሉ። የሚያሳስበኝ ምን ላይ እንደምትለማመድ ነው። 700 የሚባለውን ትልቁን መርጠህ ከሆነ (ሁሉም ይመርጠዋል፣ ረጋ ይላል፣ ከሩቅም ይታያል) ተወውና ልትገዛ ያሰብከውን መጠን ምረጥ። 450 በ40 ሜትር ርቀት ላይ ጥቁር ነጥብ ነው፤ አፍንጫና ጭራ አይለይም። ካሜራው ሄሊኮፕተሩ ሲርቅ በራሱ የሚያቀርብልህ ከሆነ አጥፋው፤ ዓይንህ ዙም የለውም። የሣሩንና የዛፉን ውበት ቀንስ፤ ላፕቶፑ ከተጨናነቀ ምስሉ ከእጅህ ኋላ ይቀራል፣ አንተም ስህተቱን የራስህ ታደርገዋለህ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ትለማመዳለህ ብዬ ነበር፤ ግን አንዳንድ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ስለሚዘገይ ያን ሰዓት ፍሊፑን ትተህ ማቆም ብቻ ተለማመድ።

አሁን ሐዋሳን የሚመለከት ነገር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ፣ ቀኑ ሞቅ ብሎ 27 ዲግሪ ሲሆን፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ሮተሩ የሚይዘው አየር ቀነሰ ማለት ነው። ሲሙሌተር ላይ የሚያበሩበት ሜዳ ብዙውን ጊዜ ዝቅተኛ ቦታ እንደሆነ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አየሩ ይይዛል፣ ፒች ስትሰጠው ፈጥኖ ይመልሳል። ያን ለምደህ እዚህ ማሳ ላይ ስትገለብጠው «ለምን ሰነፈ?» ትላለህ። ሰንፎ አይደለም፣ አየሩ ሳስቶ ነው። የማንሳት ኃይል ከሮተሩ ፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚሄድ አንድ ዘዴ አለ፤ ሲሙሌተሩ ላይ 2,500 የነበረውን የሮተር ዙር ወደ 2,200 አውርደው። ፍጹም አይደለም፣ ሌሎች ባሕርያቱም አብረው ይለወጣሉ፤ ግን የሐዋሳን ቀትር ይቀርባል። መጀመሪያ ከፍሊፕ ሲወጣ እየሰመጠ ያስቸግርሃል። እሱን ከለመድከው ማሳው ላይ አትደነግጥም። አዳማ ለሚኖሩትም ያው ነው፣ ከፍታቸው ከኛ ብዙ አይለይም። ነፋስም ጨምርበት፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ታውቀዋለህ። በጠዋት ነው የሚበረረው።

መቆጣጠሪያህ የጌም ፓድ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ቁም። ስፕሪንግ ያለው የግራ ስቲክ ስትለቀው ወደ መሐል ይመለሳል፤ የእውነተኛው አይመለስም። ስለዚህ ካጠራቀምካት ብር ላይ የመጀመሪያው ወጪ ሄሊኮፕተር አይሁን፤ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ እውነተኛ ራዲዮ ይሁን። ኋላም ሄሊኮፕተሩን የምታበርበት እሱ ነው፣ ገንዘቡ አይባክንም። ያን ጊዜ አይድል አፕ የሚባለውን፣ ኮሌክቲቩ የትም ቢሆን የሞተሩን ዙር የሚያቆየውን ማብሪያም ትለምዳለህ። ማብሪያውን ሳትነካ፣ ኖርማል በሚባለው ላይ ሆነህ ከገለበጥከው፣ ተገልብጦ ለማንሳት ስቲኩን ወደ ታች ስትጎትት ሞተሩ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሲሙሌተር በራሱ አይድል አፕ ላይ ስለሚጀምርልህ ይህን ማብሪያ ሳታውቀው ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ሄሊኮፕተሩን ከማዘዝህ በፊት ሌላም አለ። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም ፈቃድ እንደሚጠየቅ ታውቃለህ፤ ጉዳዩ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ጋ ነው። ጉምሩክ ላይ «ይሄ ድሮን አይደለም፣ መጫወቻ ሄሊኮፕተር ነው» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ ካሜራ የለውም ብትልም። አስቀድመህ ጠይቅ፣ በጽሑፍ ያዝ። የማብረሪያ ቦታውንም አስቀድመህ አስብ፤ ከአየር ማረፊያው ራቅ፣ ሐይቁ ዳር ሰው አይጠፋም፣ አሞራ ገደል አካባቢ ደግሞ አባ ኮዳ በሞቀ አየር እየተንሳፈፈ ይዞራል። ያን የሚያህል ወፍ ሮተር ላይ ቢገባ ለሁለቱም አይበጅም። ባለቤቱን አስፈቅደህ ሰብሉ የተነሳለት ማሳ ፈልግ።

መቼ ልግዛ ላልከው መለኪያው ይኸውልህ። አንድ 450 ባትሪ ለ3ዲ 4 ወይም 5 ደቂቃ ነው የሚያስበርረው። ሲሙሌተሩ ላይ ሰዓት ሙላ፣ 5 ደቂቃ። በእነዚህ ደቂቃዎች ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ፍሊፕና ሮል ሥራ፣ በጀርባው በስምንቱም ማዕዘን አቁመው፣ የሐዋሳ አየር፣ መጠነኛ ነፋስ፣ በመጨረሻም አሳርፈው። ሪሴት ከነካህ ያ ባትሪ አልተቆጠረም። አሥር ባትሪ በተከታታይ ካለፍክ ግዛ። ከገዛህ በኋላም የመጀመሪያዎቹ 20 በረራዎች ላይ ግልበጣ የለም፤ ማቆምና ስምንት ቁጥር ብቻ። ሲሙሌተር እጅን እንጂ የጉልበትን መንቀጥቀጥ አያስተምርም፤ የመጀመሪያው ቀን ይንቀጠቀጣል፣ የኔ ተንቀጥቅጧል።

እስከዚያው ድረስ የዛሬ ማታዎቹን 20 ፍሊፖች ወዴት ወዴት እንደተንሸራተቱ በወረቀት ያዝልኝ። ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወይም ባለበት፤ ሌላ አያስፈልገኝም። ስትልክልኝ ግራ እጅህ የት ላይ እንደሚዘገይ ከዚያ ወረቀት አወጣልሃለሁ።